በጥቁር ስንጫወት ለኢ4፣ ለዲ4 እና ለለንደን ምን ይዘን እንቀመጥ?

ጠያቂ፦ ቤት ኢ4

ሰላም የቼዝ ወዳጆች። በኦንላይን ራፒድ (15 ደቂቃ ሲደመር 10 ሰከንድ) ሬቲንጉ ከ1200 እስከ 1400 የሆነና በሳምንት ለጥናት 3 ሰዓት ገደማ ብቻ ያለው ተጫዋች በጥቁር ምን ዓይነት ዝግጅት ቢይዝ ይሻለዋል?

ለ1. ኢ4 መልሱ ሲ6 (ካሮ-ካን) ይሁን ወይስ ኢ5? ሁለቱንም የሚያወድስ አይጠፋም፤ የትኛው እርምጃ ላይ ምን እንደሚበላሽ በዝርዝር የሚነግር ግን ጥቂት ነው። ለ1. ዲ4 ደግሞ ለንደንንም (ነጭ ቢሾፑን ቀድሞ ወደ ኤፍ4 የሚያወጣበትን) ዋናውን መስመርም የሚያስተናግድ አንድ አቀማመጥ ብታሳዩን ደስ ይለኛል። ሌላው፣ ጥቁር «አቻ ደረሰ» የሚባለው መቼ ነው? ኢንጅኑ (ጨዋታውን የሚመዝነው የኮምፒውተር ፕሮግራም) 0.0 ሲል ነው ወይስ በዓይን የሚታይ ምልክት አለው?

ሲሲሊያንና ኪንግስ ኢንዲያን የተባሉትን መክፈቻዎች ለጊዜው ተዉልኝ፤ በ3 ሰዓት የሚሸፈኑ አይመስለኝም።


ፈረስ ኤፍ6፦

ከቀለሙ ልጀምር። ነጭ ቀድሞ በመነሳቱ በትልልቅ የጨዋታ ክምችቶች ውስጥ ከጠቅላላው ነጥብ 54 ወይም 55 በመቶ ያህል ይሰበስባል። ኢንጅን በመነሻው አቀማመጥ ለነጭ የሚሰጠው ብልጫም የአንድ ወታደር ሲሶ ገደማ ነው። በጠቀስከው ሬቲንግ ማንም በዚህ ሲሶ ተሸንፎ አያውቅም። ጥቁር የሚሸነፈው 12 ጊዜ ተንቀሳቅሶ የነጭን ማዕከል አንድ ጊዜም ሳይነካ ሲቀር ነው።

ስለዚህ ኦፕኒንግ (መክፈቻ) ስትመርጥ አስቀድመህ ግፊቱን እወቅ። ነጭ መሀል ላይ የተከላቸውን ወታደሮች የሚነቀንቀው የእኔ ወታደር የቱ ነው? መቼስ ይገፋል? በካሮ-ካን ሲ5 ነው። በኩዊንስ ጋምቢት ዲክላይንድ (1. ዲ4 ዲ5 2. ሲ4 ኢ6) ሲ5 ነው፣ አንዳንዴ ኢ5። በፍሬንች (1. ኢ4 ኢ6) መጀመሪያ ሲ5፣ ቀጥሎ ኤፍ6። ኢ4 ኢ5 በሆነ ጨዋታ ደግሞ ዲ5። ግፊቱ ሳይደረግ 20ኛው እርምጃ ከደረሰ ጥቁር በራሱ ሦስት ረድፍ ውስጥ ይታፈናል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው «ስህተት» የመታፈኑ ውጤት ነው።

ለአንተ ካሮ-ካንን እመርጣለሁ፤ ነጭ ያለው ምርጫ ጥቂት ስለሆነ። አጻጻፉ ግልጽ እንዲሆን፦ × መብላት ነው፣ + ቼክ ነው፣ 0-0 በንጉሥ ወገን ካስል ማድረግ ነው፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ ሦስት ነጥብ (...) ካለ እርምጃው የጥቁር ነው፣ ! ጥሩ እርምጃ ? መጥፎ እርምጃ ነው፣ የጠጠር ስም ያልተጻፈበት እርምጃ የወታደር ነው። መነሻው 1. ኢ4 ሲ6 2. ዲ4 ዲ5።

አድቫንስ፦ 3. ኢ5 ቢሾፕ ኤፍ5 4. ፈረስ ኤፍ3 ኢ6 5. ቢሾፕ ኢ2 ሲ5። ቢሾፑ ከኢ6 በፊት መውጣት አለበት፤ አለዚያ እንደ ፍሬንች ሲ8 ላይ ይዘጋበታል። 6. ቢሾፕ ኢ3 ካለ 6... ሲ×ዲ4 7. ፈረስ×ዲ4 ፈረስ ኢ7፣ ከዚያ ሌላውን ፈረስ ወደ ሲ6። ወታደሩ በሁለት እርምጃ ሲ5 መድረሱ አንድ ተራ ያስከፍላል፣ በልዋጩ ግን መጥፎ የሚባለው ቢሾፕ ውጭ ነው።

እዚህ ሰው የሚወድቀው 4. ኤች4 ሲመጣ ነው። ጥቁር በልማድ 4... ኢ6 ካለ 5. ጂ4 ቢሾፕ ኢ4 6. ኤፍ3 ቢሾፕ ጂ6 7. ኤች5 ሆኖ ቢሾፑ መሄጃ አጥቶ ይበላል። መልሱ 4... ኤች5 ወይም 4... ኤች6 ነው። በ4. ፈረስ ሲ3 ኢ6 5. ጂ4 ቢሾፕ ጂ6 6. ፈረስ ከጂ1 ወደ ኢ2 ግን ወዲያው 6... ሲ5። ነጭ በጎን ሲሮጥ መልሱ መሀል ላይ ነው፤ 7. ኤች4 ሲል 7... ኤች5።

ኤክስቼንጅ፦ 3. ኢ×ዲ5 ሲ×ዲ5 4. ቢሾፕ ዲ3 ፈረስ ሲ6 5. ሲ3 ፈረስ ኤፍ6 6. ቢሾፕ ኤፍ4 ቢሾፕ ጂ4። 7. ንግሥት ቢ3 ቢ7ን ስትመታ 7... ንግሥት ዲ7 ይበቃል። ቀጥሎ ኢ6፣ ቢሾፕ ዲ6 (የጥቁር ቤት ቢሾፖች እንዲለዋወጡ)፣ 0-0፣ ሩክ ቢ8፣ ቢ5፣ ቢ4። በንግሥት ወገን ነጭ ሦስት ወታደር አለው፣ አንተ ሁለት፤ በሁለቱ ሦስቱን ስትገፋ ሲ3 ወይም ዲ4 ላይ ደካማ ወታደር ይቀራል። አራተኛው እርምጃ 4. ሲ4 ከሆነ (ፓኖቭ) 4... ፈረስ ኤፍ6 5. ፈረስ ሲ3 ኢ6 ብለህ እንደ ኩዊንስ ጋምቢት ተጫወት።

ክላሲካል፦ 3. ፈረስ ሲ3 ዲ×ኢ4 4. ፈረስ×ኢ4 ቢሾፕ ኤፍ5 5. ፈረስ ጂ3 ቢሾፕ ጂ6 6. ኤች4 ኤች6 7. ፈረስ ኤፍ3 ፈረስ ዲ7። የመጨረሻዋ 7... ፈረስ ዲ7 ፈረስ ኢ5 እንዳይገባ ነው። በአራተኛው 4... ፈረስ ዲ7 የሚጫወት ካለ ደግሞ ይህን ያስታውስ፦ 5. ንግሥት ኢ2 ሲመጣ 5... ፈረስ ከጂ8 ወደ ኤፍ6 ቢል 6. ፈረስ ዲ6 ማት ነው። ኢ7 ላይ ያለው ወታደር በንግሥቷ ስለታሰረ ፈረሱን መብላት አይችልም።

ሁለት ፈረስ፦ 2. ፈረስ ሲ3 ዲ5 3. ፈረስ ኤፍ3። እዚህ ላይ አደራ! የክላሲካሉን መንገድ በቃል ይዞ 3... ዲ×ኢ4 4. ፈረስ×ኢ4 ቢሾፕ ኤፍ5 5. ፈረስ ጂ3 ቢሾፕ ጂ6 6. ኤች4 ኤች6 የሚል ሰው 7. ፈረስ ኢ5 ይመጣበታል። 7... ቢሾፕ ኤች7 8. ንግሥት ኤች5 ጂ6 9. ቢሾፕ ሲ4! እና ንግሥቷን ከበላ ኤፍ7 ላይ ማት ነው፤ 9... ኢ6 10. ንግሥት ኢ2 ሆኖ ኤፍ7 ላይ የሚሰዋው ፈረስ ይጠብቀዋል። ያለ ጣጣ የሚሄደው 3... ቢሾፕ ጂ4 4. ኤች3 ቢሾፕ×ኤፍ3 5. ንግሥት×ኤፍ3 ኢ6 ነው።

ፋንታዚ (3. ኤፍ3) ብርቅ ነው። 3... ዲ×ኢ4 4. ኤፍ×ኢ4 ኢ5፣ እና 5. ዲ×ኢ5 ብሎ ከበላ 5... ንግሥት ኤች4+ 6. ጂ3 ንግሥት×ኢ4+ ኤች1 ላይ ያለውን ሩክ ይወስዳል።


ዝምተኛው ሩክ፦

ከፈረስ ኤፍ6 ጋር በግፊቱ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፣ በምርጫው ግን አይደለም። በዚህ ደረጃ ያለ ሰው 1... ኢ5 ቢጫወት ይሻላል እላለሁ። ምክንያቱም ካሮ-ካን ከተዘጋ ማዕከል ጋር ያለማምዳል፤ ክፍት መስመር ላይ ማስላት የሚለመደው ግን በኢ5 ነው፣ 1300 ላይ ጨዋታ የሚያልቀውም በስሌት ነው። የሚያስፈራው የወጥመዱ ብዛት ነው፤ ሲቆጠር ግን ብዙ አይደለም።

2. ንግሥት ኤች5፦ 2... ፈረስ ሲ6 (ኢ5ን ይጠብቃል) 3. ቢሾፕ ሲ4 ጂ6 4. ንግሥት ኤፍ3 ፈረስ ኤፍ6። ቅደም ተከተሉን ያገላበጠ፣ ማለትም 2... ጂ6 ያለ፣ 3. ንግሥት×ኢ5+ ሆኖ ሩኩን ያጣል።

2. ፈረስ ኤፍ3 ፈረስ ሲ6 3. ቢሾፕ ሲ4 ፈረስ ኤፍ6 4. ፈረስ ጂ5፦ 4... ዲ5 5. ኢ×ዲ5 ፈረስ ኤ5። አምስተኛው ላይ 5... ፈረስ×ዲ5 ብሎ መብላት 6. ፈረስ×ኤፍ7ን ይጋብዛል፣ ንጉሡም ወደ መሀል ይጎተታል። ከ5... ፈረስ ኤ5 በኋላ 6. ቢሾፕ ቢ5+ ሲ6 7. ዲ×ሲ6 ቢ×ሲ6 8. ቢሾፕ ኢ2 ኤች6 9. ፈረስ ኤፍ3 ኢ4 10. ፈረስ ኢ5 ቢሾፕ ዲ6። አንድ ወታደር ጎድሎሃል፣ በምትኩ የነጭ ፈረስ ሦስት ጊዜ ተባሯል፣ ያንተ ጠጠሮች ግን እየተባረሩ ሳይሆን እያባረሩ ወጥተዋል። ወታደሩን ለመመለስ አትቸኩል፤ 0-0 ቅድሚያ ይሰጠው።

3. ቢሾፕ ሲ4 ቢሾፕ ሲ5 4. ሲ3 ፈረስ ኤፍ6 5. ዲ4 ኢ×ዲ4 6. ሲ×ዲ4 ሲሆን የግድ 6... ቢሾፕ ቢ4+። ቢሾፑን ወደ ቢ6 የሚመልስ ሰው ዲ5 እና ኢ5 ተራ በተራ ይገፉበትና ፈረሶቹ መቀመጫ ያጣሉ። ከቼኩ በኋላ 7. ቢሾፕ ዲ2 ቢሾፕ×ዲ2+ 8. ፈረስ×ዲ2 ዲ5! 9. ኢ×ዲ5 ፈረስ×ዲ5 ሆኖ የነጭ ዲ4 ብቻውን ይቀራል። ግፊቱ ዲ5 ነው የተባለው ይኸው ነው።

ነጭ ዝግ ብሎ ዲ3 ከሆነ ግን ዲ5ን ለመግፋት አትቸኩል። ከኢ×ዲ5 ፈረስ×ዲ5 በኋላ ነጭ ሩክ ኢ1 ካለው ኢ5 ይበላል። መጀመሪያ ዲ6፣ 0-0፣ አስፈላጊ ሲሆን ኤ6 (ቢሾፕህ ማፈግፈጊያ እንዲያገኝ)፣ ሩክ ኢ8፤ ኢ5 በቂ ጠባቂ ሲያገኝ ዲ5።

3. ቢሾፕ ቢ5 ኤ6፦ 4. ቢሾፕ×ሲ6 ዲ×ሲ6 5. ፈረስ×ኢ5 ቢል 5... ንግሥት ዲ4 ፈረሱንም ኢ4ንም ስለምትመታ ወታደሩ ይመለሳል። ዋናው መስመር 4. ቢሾፕ ኤ4 ፈረስ ኤፍ6 5. 0-0 ቢሾፕ ኢ7 6. ሩክ ኢ1 ቢ5 ነው። ስድስተኛው ላይ ቢ5 ለጌጥ አይደለም፤ ሩኩ ኢ4ን ስለጠበቀ ሲ6ን በልቶ ኢ5ን መውሰድ አሁን እውነተኛ ስጋት ሆኗል። አጭሩን መንገድ የሚፈልግ በርሊንን ይያዝ፦ 3... ፈረስ ኤፍ6 4. 0-0 ፈረስ×ኢ4 5. ዲ4 ፈረስ ዲ6 6. ቢሾፕ×ሲ6 ዲ×ሲ6 7. ዲ×ኢ5 ፈረስ ኤፍ5 8. ንግሥት×ዲ8+ ንጉሥ×ዲ8። ክራምኒክ እ.ኤ.አ. በ2000 ለንደን ከተማ ላይ ለዓለም ሻምፒዮንነት ካስፓሮቭን ሲገጥም በአራት ጨዋታ በርሊንን አቁሞ አራቱም አቻ ወጡ። ካስፓሮቭ በዚያ ግጥሚያ አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ዘውዱን አስረከበ። ለ1300 ግን አልመክረውም፤ ንግሥት የሌለበት ረጅም ትግል ነው፣ ካስል ያላደረገ ንጉሥን ማስተዳደርም ይጠይቃል።

ቪየና (2. ፈረስ ሲ3 ፈረስ ኤፍ6 3. ኤፍ4) ሲመጣ 3... ዲ5። 3... ኢ×ኤፍ4 የሚል 4. ኢ5 ሆኖ ፈረሱ ወደ ጂ8 ይመለሳል።


ሰንጠረዥ ወዳጅ፦

በድሮው ሰንጠረዣችን ጨዋታው በወረራ ስለሚጀመር፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠብቁ ስለሚያንቀሳቅሱ፣ «ቀድሞ የተነሳ» የሚባል ጥያቄ አልነበረም። በቼዝ ግን ተራ አለ። አንድ ተራ ወደኋላ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ከሁሉ አጭሩ ማሳያ መኮረጅ ነው፦ 1. ኢ4 ኢ5 2. ፈረስ ኤፍ3 ፈረስ ኤፍ6 3. ፈረስ×ኢ5 ፈረስ×ኢ4 4. ንግሥት ኢ2 ፈረስ ኤፍ6 5. ፈረስ ሲ6+ እና ንግሥትህ ሄደች። ሦስተኛው ላይ 3... ዲ6 ብሎ ፈረሱን ካባረሩ በኋላ ኢ4ን መብላት ነው ትክክሉ።

ወደ ዲ4 ስመጣ፣ ኩዊንስ ጋምቢት ዲክላይንድን ያዝ። 1. ዲ4 ዲ5 2. ሲ4 ኢ6 3. ፈረስ ሲ3 ፈረስ ኤፍ6 4. ቢሾፕ ጂ5 ቢሾፕ ኢ7 5. ኢ3 0-0 6. ፈረስ ኤፍ3 ፈረስ ከቢ8 ወደ ዲ7። ካፓብላንካና አሌኪን እ.ኤ.አ. በ1927 ቦነስ አይረስ ላይ ለዓለም ሻምፒዮንነት ካደረጓቸው 34 ጨዋታዎች 32ቱ በዚህ ኦፕኒንግ ነበሩ፤ ዛሬም የሚያፈርሰው አልተገኘም።

ለጥቁር ቁልፉ ሲ4ን የምትበላበት ጊዜ ነው። ነጭ ቢሾፑን ወደ ዲ3 እስኪያወጣ ጠብቅ፣ ከዚያ ዲ×ሲ4። ቢሾፑ ሁለተኛ ተንቀሳቅሶ መብላት ስላለበት ያጣኸው ተራ ተመለሰልህ። ለምሳሌ 7. ቢሾፕ ዲ3 ዲ×ሲ4 8. ቢሾፕ×ሲ4 ሲ5። ነጭ በ7. ሩክ ሲ1 ከጠበቀ 7... ሲ6 8. ቢሾፕ ዲ3 ዲ×ሲ4 9. ቢሾፕ×ሲ4 ፈረስ ዲ5 10. ቢሾፕ×ኢ7 ንግሥት×ኢ7 11. 0-0 ፈረስ×ሲ3 12. ሩክ×ሲ3 ኢ5። ሁለት ጥንድ ጠጠር ተለዋወጠ፣ የታፈነው ቦታ ሰፋ፣ ሲ8 ላይ ያለው ቢሾፕ መውጫ አገኘ። ይህ የካፓብላንካ ማፍታቻ ነው፣ በቃል መያዝ ይገባዋል።

ሲ4ን ገና በሁለተኛው በልቶ ወታደሩን ለማትረፍ የሚታገል ሰው ግን ይቀጣል፦ 2... ዲ×ሲ4 3. ኢ3 ቢ5 4. ኤ4 ሲ6 5. ኤ×ቢ5 ሲ×ቢ5 6. ንግሥት ኤፍ3። ኤ8 ላይ ያለው ሩክ ተመታ፣ ለመከላከል የሚሰጠው ቢያንስ አንድ ፈረስ ወይም ቢሾፕ ነው።

ነጭ የሚወድቅበት ወጥመድም አለ። 4. ቢሾፕ ጂ5 ፈረስ ከቢ8 ወደ ዲ7 5. ሲ×ዲ5 ኢ×ዲ5 6. ፈረስ×ዲ5? ፈረስ×ዲ5! 7. ቢሾፕ×ዲ8 ቢሾፕ ቢ4+ 8. ንግሥት ዲ2 ቢሾፕ×ዲ2+ 9. ንጉሥ×ዲ2 ንጉሥ×ዲ8፣ ጥቁር አንድ ሙሉ ጠጠር በልጧል።

ነጭ በጊዜ ሲ×ዲ5 ካለ (ኢ×ዲ5 ብለህ በወታደር መልስ) ወዳጃችን «ፈረስ ኤፍ6» ካሮ-ካን ኤክስቼንጅ ላይ ያስረዳው አቀማመጥ ተገልብጦ ይመጣል። አሁን ቢ4-ቢ5 የሚገፋው ነጭ ነው፣ የሚደክመው ሲ6 ያንተ ነው። ሁለቱን አብረህ ብታጠና የአንዱን ዕቅድ ለሌላው ትጠቀምበታለህ፤ ካሮ-ካንን ከዚህ ጋር የማጣምረው በዚህ ምክንያት ነው። መከላከያህ ሩክ ኢ8፣ ፈረስ ኤፍ8፣ ምቹ ሲሆን ፈረስ ኢ4። ነጭ ቢ4 ሲገፋ ሲ4 ጠባቂ ወታደር ስለሚያጣ ፈረስህን በቢ6 በኩል እዚያ ለማስቀመጥ አስብ።

ለንደን፦ 1. ዲ4 ዲ5 2. ቢሾፕ ኤፍ4 ፈረስ ኤፍ6 3. ኢ3 ሲ5 4. ሲ3 ፈረስ ሲ6 5. ፈረስ ኤፍ3 ንግሥት ቢ6። ቢሾፑ ከሲ1 ስለወጣ ቢ2 ጠባቂ የለውም። 6. ንግሥት ቢ3 ሲ4 7. ንግሥት ሲ2 ቢሾፕ ኤፍ5! እና 8. ንግሥት×ኤፍ5 ቢል 8... ንግሥት×ቢ2 ሆኖ ኤ1 ላይ ያለው ሩክ ይበላል። ስለዚህ ንግሥቷ ወደ ሲ1 ትመለሳለች፣ አንተ ቢሾፕህን በነፃ አውጥተሃል። ቀጥሎ ኤች6 (ፈረስ ኤች4 መጥቶ ቢሾፑን እንዳይለዋወጥ) እና ኢ6።


ዝምተኛው ሩክ፦

የሰንጠረዥ ወዳጅ የለንደን መስመር ትክክል ነው፤ ግን አንድ ገደብ ይጨመርበት፣ ሰው ይጎዳበታል። ብልሃቱ የሚሠራው የነጭ ፈረስ ቢ1 ላይ ሳለ ብቻ ነው። በደንብ የተዘጋጀ የለንደን ተጫዋች አምስተኛው ላይ ፈረስ ዲ2 ይላል። ያኔ 5... ንግሥት ቢ6 6. ንግሥት ቢ3 ሲ4 7. ንግሥት ሲ2 ቢሾፕ ኤፍ5 ብትል 8. ንግሥት×ኤፍ5 ንግሥት×ቢ2 9. ሩክ ቢ1 ሆኖ ሩኩ ያመልጣል፤ አንተ በሁለት ወታደር ቢሾፕ ሰጥተሃል።

ለ5. ፈረስ ዲ2 የተረጋጋው መልስ 5... ኢ6 6. ፈረስ ከጂ1 ወደ ኤፍ3 ቢሾፕ ዲ6 7. ቢሾፕ ጂ3 0-0 8. ቢሾፕ ዲ3 ንግሥት ኢ7 ነው፤ ኢ5ን ያዘጋጃል። ቢሾፑን ጂ3 ላይ አትብላው። ኤች×ጂ3 ሲሆን የኤች መስመር ለሩኩ ይከፈታል፣ ካስል ያደረግከውም በዚያው በኩል ነው። መለዋወጥ ከፈለገ እርሱ ይብላ።

በዚህ አቀማመጥ ሁልጊዜ የሚታየው ቤት ኤች7 ነው። ነጭ ኢ5 ላይ ወታደር ተክሎ ፈረስህን ከኤፍ6 ካባረረ ቢሾፕ×ኤች7+፣ ንጉሥ×ኤች7፣ ፈረስ ጂ5+፣ ቀጥሎ ንግሥት ኤች5 ይመጣል። መሥዋዕቱ የሚከሽፈው ንጉሡ ወደ ጂ8 ከተመለሰ በኋላ ኤች7ን የሚጠብቅ ጠጠር ስታመጣ ነው፤ ፈረስ ኤፍ8፣ ወይም በዚያው ሰያፍ የሚደርስ ቢሾፕ። ካስል ከማድረግህ በፊት ከነዚህ አንዱ እንዳለህ ተመልከት። ከሌለህ ኤች6 ቀድሞ ይግባ።


ቤት ኢ4 (ጠያቂ)፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው። ለኢ4 ካሮ-ካንን፣ ለዲ4 ዲክላይንዱን ልይዝ ነው፤ ሁለቱ አቀማመጦች መተጋገዛቸው አሳምኖኛል። የቀሩኝ፦ የአቻነት ምልክቱ፣ 3ቱን ሰዓት እንዴት እንደማከፋፍል፣ እና 1. ሲ4 ሲመጣ።


ፈረስ ኤፍ6፦

የአቻነት ምልክት በዓይን ይታያል። ካስል አድርገሃል፣ አራቱም ፈረሶችህና ቢሾፖችህ ከመጀመሪያው ረድፍ ወጥተዋል ወይም የሚወጡበት መንገድ ክፍት ነው፣ ግፊትህ ተደርጓል ወይም ነጭ ሊከለክለው አይችልም፣ ክፍት መስመር ላይ ቆሞ የሚጠበቅ ደካማ ወታደር የለህም። አራቱ ሲሟሉ ኢንጅኑ 0.2 ለነጭ ቢልም አትጨነቅ። ኢንጅኑ 0.0 እያለ ቢሾፕህ ሲ8 ላይ ታሽጎ ከሆነ ደግሞ ያ 0.0 ለአንተ አይጠቅምም፤ ኢንጅኑ የሚያየውን ባለ 15 እርምጃ መከላከያ በሰዓት ተይዞ የሚያገኘው የለም።

አቻ ከደረስክ በኋላ ጠጠር ሁሉ ለመለዋወጥ አትሩጥ። ጉኬሽና ዲንግ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲንጋፖር ላይ ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲገናኙ ከ14ቱ ጨዋታዎች አምስቱ በአሸናፊ ተለዩ፣ ከአምስቱ ሁለቱን ያሸነፈው ጥቁር ነው፦ ዲንግ የመጀመሪያውን በፍሬንች፣ ጉኬሽ የመጨረሻውን። በመጨረሻው ጉኬሽ በሩክና በቢሾፕ ፍጻሜ አንድ ትርፍ ወታደር ይዞ ነበር፤ አቻ የሚወጣ አቀማመጥ ነበር፣ ግን መጫወቱን ቀጠለ። ዲንግ 55ኛው ላይ ሩክ ኤፍ2 ሲል ሩኮቹም ቢሾፖቹም ተለዋውጠው የወታደር ፍጻሜ ቀረ፣ እርሱም ለጥቁር ያሸነፈ ነበር።

ሰዓቱን እንዲህ አድርገው። አንድ ሰዓት ተኩል በጥቁር ለተጫወትካቸው የሳምንቱ ጨዋታዎች ይሁን። መጀመሪያ ያለ ኢንጅን ግፊትህን ያደረግክበትን እርምጃ ቁጥር ጻፍ፤ ካላደረግከው «የለም» በል። ከዚያ ኢንጅኑን ክፈትና ግምቱ በአንድ ወታደር ያህል የወደቀበትን የመጀመሪያ እርምጃ አጠገቡ አስቀምጥ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁለቱን ዓምድ ስታነጻጽር ችግርህ ኦፕኒንግ ይሁን ስሌት ይለይልሃል። ውድቀቱ ብዙ ጊዜ ከ15ኛው በኋላ ከሆነ ኦፕኒንግ መቀየር ዋጋ የለውም፤ ትርፍ ጊዜህን ለፐዝል ስጠው።

45 ደቂቃ ለመስመር ጥናት። ላይቼስ (lichess.org) ላይ ያለው የኦፕኒንግ ማሰሻ ነፃ ነው፤ የተጫዋቾቹን ክምችት ምረጥ፣ ከጨዋታ ዓይነት ራፒድን ብቻ ምረጥ፣ ሬቲንጉን 1200 እና 1400 ላይ አድርግ። በየደረጃው ነጭ በብዛት የሚጫወተውን ተከተል። የማስተሮች ክምችት የሚያሳይህ አንተ ጋ የማይመጣውን ነው። አንድ ስተዲ (የመስመር ማስቀመጫ ገጽ) ከፍተህ ከ12 እስከ 15 መስመር አስቀምጥ፣ እያንዳንዱ ከ8ኛው እርምጃ አይለፍ፣ መጨረሻው ላይ ግን ግፊቱ የቱ እንደሆነና መጥፎው ጠጠር በየት እንደሚወጣ በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ። ከ8ኛው በኋላ የሚያስኬድህ ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት።

የቀረው 45 ደቂቃ ለአቀማመጥ፦ ነጠላ ዲ4 ያለበትንና ቢ5-ቢ4 የሚገፋበትን፣ ከኢንጅን ጋር ከ10ኛው እርምጃ ጀምሮ በጥቁር ወገን ደጋግመህ ተጫወተው።


ሰንጠረዥ ወዳጅ፦

ለ1. ሲ4 አዲስ ነገር አታጥና። 1... ኢ6 2. ፈረስ ሲ3 ዲ5 3. ዲ4 ፈረስ ኤፍ6 ብለህ ወደምታውቀው ዲክላይንድ ግባ።

የተለየው ነጭ ቢሾፑን በጂ2 ሲያስቀምጥ ነው፦ 1. ሲ4 ኢ6 2. ጂ3 ዲ5 3. ቢሾፕ ጂ2 ፈረስ ኤፍ6 4. ፈረስ ኤፍ3 ቢሾፕ ኢ7 5. 0-0 0-0 6. ዲ4። አሁን «ቢሾፑ ዲ3 እስኪደርስ ጠብቅ» ያልኩት አይሠራም፣ እዚያ አይሄድምና። ወዲያው 6... ዲ×ሲ4 ብላ። 7. ንግሥት ሲ2 ኤ6 8. ንግሥት×ሲ4 ቢ5 9. ንግሥት ሲ2 ቢሾፕ ቢ7፤ ቢሾፕህ ከነጩ ቢሾፕ ጋር በአንድ ሰያፍ ተፋጠጠ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ግፊት ሲ5 ነው። ነጭ ቢ5ን ለመከልከል 8. ኤ4 ካለ 8... ቢሾፕ ዲ7 9. ንግሥት×ሲ4 ቢሾፕ ሲ6።